የቆርቆሮው ጉማ

ሀጂ ወዚር አንዴ «አይ» ካሉ፣ ያንን አይ ከተቀመጠበት የሚያነሳ ክሬን በባሌ ምድር የለም። ይህንን ከሙህዲን በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ልጃቸውን ሰቢሪናን እንዲድሩለት ሽማግሌ ልኮ ሁለት ጊዜ አይ ተብሏል። በመጀመሪያው ጊዜ ምክንያት አልተሰጠም። በሁለተኛው ግን ምክንያቱ ከነማብራሪያው መጣ።

«ዲግሪ ይዞ መሥሪያ ቤት የማይገባ፣ ቀኑን ሙሉ ከቆርቆሮ ጋር የሚያወራ ልጅ፣ ነገ ልጄንም ቆርቆሮ ያበላታል!»

ሀሜት እንዳይመስላችሁ፤ ሙህዲን እውነትም ከቆርቆሮ ጋር ያወራ ነበር። ምህንድስና ተምሮ ሮቤ ከተመለሰ ወዲህ የሳተላይት ዲሽ እያቃና፣ ሪሲቨር እየጠገነ ይኖራል። ትርፍ ጊዜውን ሁሉ ደግሞ በአባቱ እህት፣ እሱ «አዳዳ» በሚላቸው በአደ ሎሚ ምግብ ቤት ጓሮ ከአንድ አስተናጋጅ ሮቦት ጋር ያሳልፋል። ሮቦቱ ሰውነቱ የዘይት በርሜል፣ እግሩ የሕፃን ጋሪ ጎማ፣ ሆዱ የባጃጅ ባትሪ፣ ፊቱ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ ታብሌት ነው። ስሙን ቶላ አሉት። ሙህዲን ብድር ፍለጋ ወደ አንድ ቢሮ ቢሄድ፣ «ከሌሎች አራት ሮቦት ሠሪዎች ጋር ተደራጅተህ ና» ብለው መልሰውታል። እስከ ዛሬ እየፈለጋቸው ነው።

ቶላ የተሠራው ለቅንጦት አልነበረም። የአደ ሎሚ ጉልበት ታሞ፣ ጎባ ያለ ሐኪም ቁጭ ይበሉ ብሏቸው ነው። እሳቸው ቁጭ ካሉ ደግሞ ምግብ ቤቱ አለቀለት። ሰው ከጊኒርና ከጎሮ መጥቶ ሌላውን ምግብ ቤት ሁሉ አልፎ እዚያ የሚገባው ለወጡ ብቻ አይደለም፤ ለልመናቸው ነው። «ብላ እንጂ! ይቺን ብቻ! በሞቴ!» እያሉ ማንኛውንም ሹፌር ቀበቶውን ያስፈቱታል። የተቀጠሩት ልጆች ወጡን ያቀርባሉ እንጂ መለመን አይችሉም። ሙህዲን የማይደክመው ለማኝ እሠራለሁ ብሎ ተነሳ፤ የአደ ሎሚንም ድምፅ ቀድቶ ለበርሜሉ ሰጠው። በልቡ ግን ሌላ ነገር ነበር። ቶላ ዝና ካገኘ የእሱም ስም ይጠራል፣ ስሙ ከተጠራ ሀጂ ወዚር ምናልባት… ከዚህ በኋላ ያለውን ለራሱም ጨርሶ አይናገረውም።

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። ገብረጻድቅ የሚባል ከሆሳዕና የመጣ የሸቀጥ ነጋዴ፣ የቤቱ የዘወትር ደንበኛ፣ ምሳውን አጋምሶ ሳለ ቶላ እየተንከባለለ ቀረበው።

«ወጥ ይጨመርልዎ?»

ገብረጻድቅ ጨዋ ሰው ነው። «ኧረ በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«እሺ» አለ ቶላና ከነጭልፋው ዞሮ ሄደ።

ገብረጻድቅ ደረቅ እንጀራ ይዞ፣ የሚሄደውን በርሜል ጀርባ እያየ ቀረ። የተረፈውን እንጀራ ጠቀለለና በቀስታ ተነስቶ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም። ይልቅ ሰው ላከ፤ «ያስቀየምኳችሁ ነገር ካለ ንገሩኝና ይቅርታ ልጠይቅ» የሚል መልእክት ነበር። ሌላውም ደንበኛ እንደዚያው ሆነ። ምግብ ቤቱ በራባቸው ጨዋ ሰዎች ተሞላ፤ ቀስ በቀስም ከእነሱ ባዶ ሆነ።

«ሙህዲን» አሉ አደ ሎሚ፣ «ይሄ ልጅህ ባለጌ ነው።»

«አዳዳ፣ አይ አሉት። አይ ሲባል ምን ያድርግ?»

«አይ ማለት ከመቼ ወዲህ ነው አይ የሆነው? ስማ። የመጀመሪያው አይ ለአባቱ ስም ነው፤ ሆዳም የሆዳም ልጅ እንዳይባል። ሁለተኛው ለእኔ ነው፤ እንዳልደክም አዝኖ። ሦስተኛው ብቻ ነው የራሱ። እሱንም ቢሆን ዓይኑን አይተህ ነው የምታምነው። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ምን ነበር የሚያስተምሯችሁ?»

ሙህዲንን ያስተማሩት ስለ ሞተር ነበር። እናም ከጥግ ጠረጴዛ ተቀምጦ ሰው ሲግደረደር መመልከት ጀመረ። «አይ» እያለ ዓይኑ ከድስቱ የማይነቀል አለ። ደረቱን በእጁ ይዞ «ጠገብኩ» እያለ ሳህኑን በክርኑ ወደ ጭልፋው ጠጋ የሚያደርግ አለ። «ጾም ነኝ» ያለ ጾመኛ ነው፤ እሱን ማስቸገር ነውር ነው። እውነተኛው አይ መዳፉን ሳህኑ ላይ የሚከድን ሰው አይ ነው፤ እሱም አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው። ሙህዲን ይህንን ሁሉ ለቶላ ካሜራ ሲያስተምር ከረመ። የምህንድስና ትምህርቱን ያህል ቸግሮታል።

የቀረው የመለመኛው ቃል ነበር። «ወላሂ» እንዲል ቢሞክረው አደ ሎሚ ከጉልበታቸው በላይ ዘለሉ፤ «የአላህ ስም በበርሜል አፍ? አስተግፊሩላህ!» አሉ። ስለዚህ በራሳቸው በ«በሞቴ» ተስማሙ። ሮቦት ሞት የለበትም፣ በሞቱ ቢምል ማንንም አይጎዳም ብለው አሰሉ። ሁለት አዋቂ ሰዎች ተመካክረው የሚሳሳቱት ስህተት እንዲህ ያለ ነው።

ግን ሠራ! ገብረጻድቅ ተለምኖ ተመለሰ። ቶላ መጣና ልጨምርልዎ አለው፤ አይ አለ። ለመነው፤ አይ አለ። «ይቺን ብቻ፣ በሞቴ!» ሲለው ገብረጻድቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አሁን ገና ሰው ሆነ» ብሎ እስኪያልበው በላ። ወሬው ዲንሾ ድረስ ደረሰ። በሚኒባስ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ሹፌሩን እየለመነ እዚያ ይወርድ ጀመር። ሙህዲንም ሦስተኛ ሽማግሌ ስለመላክ ማሰብ ጀመረ።

ሀጂ ወዚር የመጡት በዚህ መሀል ነው። የከብት ነጋዴ ናቸው፤ ሳያዩ አይገዙም፣ ሳያዩም አይንቁም። የሰፈሩን ሽማግሌ ኦቦ ዳቢሴን አስከትለው ገቡና መሀል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሙህዲን በኩሽናው መጋረጃ ጀርባ ተደበቀ። ሁለት ጊዜ አይ ባሉት ሰው ፊት በምን ዓይኑ ይቁም? መብራት ከማለዳ ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር ቶላ ቻርጅ አላደረገም፤ ይህ ግን በዚያች ሰዓት ሙህዲንን ትዝ አላለውም። ልቡ ሌላ ቦታ ነበር።

«አከም ጂርቱ፣ ሀጂ? ቤተሰብ ደህና? ዝናቡ እንዴት ነው? ከብቱ ደህና?» አለ ቶላ በአደ ሎሚ ድምፅ።

«አልሀምዱሊላህ፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ያቺ ቀይ ላም ብቻ ትንሽ አሞ—» ብለው ሀጂ ድንገት አቆሙ። ኦቦ ዳቢሴ በጎን አይተዋቸው ነበር። ሀጂም ጉሮሯቸውን ጠርገው ቅቅል አዘዙ።

ቅቅሉ መጣ፣ ተበላ። ቶላ ጭልፋውን ይዞ ተጠጋ።

«ይጨመርልዎ?»

«አይ።»

«ኧረ ምንም አልበሉም!»

«አይ አልኩ!»

«ይቺን አንድ ጭልፋ ብቻ፣ ሀጂ፣ በሞቴ!»

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ መብላቱን ትቶ ነበር። ሀጂ ወዚር ቀጥ ብለው ተቀመጡና፣ «ከአላህ በቀር በሌላ አይማልም! ደግሞ ሙት እንግዲያ! አይ ብያለሁ!» አሉ።

«በሞ…» አለ ቶላ። ታብሌቱ ጨለመ። አንገቱ ወደ ፊት ተደፋ። ጭልፋው ከእጁ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ሀጂ ወዚር ድምፁ የማን እንደነበር ትዝ አላቸውና ወደ አደ ሎሚ ዞሩ። አደ ሎሚ በርጩማቸው ላይ ወደ ኋላ ተጋድመው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ አይንቀሳቀሱም።

«ሎሚ!» መልስ የለም። «ያ ረቢ! ሎሚ!»

አደ ሎሚ አንኮራፉ። ሀጂ ወዚር በሕይወታቸው እንደዚያ ደስ ያላቸው ማንኮራፋት ሰምተው አያውቁም። ቶላ ግን አላንኮራፋም፤ እንደተደፋ ቀረ። ሀጂ ላብ አጠመቃቸው። ድስቱን ወደ ራሳቸው ስበው ያለውን ቅቅል ሁሉ ጥርግ አድርገው በሉት። ከዚያ ባዶውን ድስት ወደ ጨለመው ታብሌት ከፍ አድርገው አሳዩ።

«በላሁ፣ ይኸው በላሁ» አሉ በልምምጥ። ቶላ አላየም። ሀጂ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

ሙህዲን ከመጋረጃው ወጥቶ ሲፈትሽ ባትሪው ድሮም ያረጀ ነበርና ጨርሶ አልቋል። ይህንን በጊዜ ለሰው ቢናገር ነገሩ እዚያው ይቋጭ ነበር። እሱ ግን ስለ ባትሪ ብቻ አስቦ ወዲያው ሚኒባስ ይዞ ጎባ ሄደ። ጎባ ልኩ አልተገኘም። ከሻሸመኔ እስኪመጣለት ጓደኛው ቶፊቅ ቤት አርፎ ዲሽ እየጠገነ ቆየ። አደ ሎሚ ደግሞ ቶላን አቧራ እንዳይገባበት ብለው ነጭ ነጠላ አለበሱት። ክፋት አልነበረበትም። በነጭ የተከናነበውን ያየ ሰው ግን ያሰበው ስለ አቧራ አይደለም፤ ስለ ከፈን ነው።

ሙህዲን ባትሪውን በትከሻው ተሸክሞ ሲመለስ ምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ሰው ተቀምጦ አገኘ። የማን ለቅሶ ነው ብሎ ደንግጦ ሳይጠይቅ አንድ ሽማግሌ ተነስተው አቀፉት።

«አላህ ይተካልህ ልጄ። ሶብር ይስጥህ።»

«ማን ነው? አዳዳ ናት?»

«እኔማ አለሁ» አሉ አደ ሎሚ ከውስጥ፣ ሰው ያመጣውን ስኳር እየደረደሩ።

ገብረጻድቅ ጥግ ላይ ከልቡ ያለቅስ ነበር። «ከእንግዲህ እኔን ማን ይለምነኛል?» አለው። ሙህዲን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ከሌሎቹ ለቀስተኞች ግን ማን የምሩን፣ ማን እየቀለደ እንደሚያለቅስ መለየት አቃተው፤ እኔም እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ኦቦ ዳቢሴ ወደ ጓሮ ወሰዱት።

«ሀጂ እንቅልፍ የለውም፣ እህል አይቀምስም» አሉ። «በርሜል እኮ ነው አልኩት። ‘አውቃለሁ’ አለኝ። ‘ግን በሞቴ አለኝ፣ ሙት አልኩት፣ ሞተ። በርሜል ነበር ብትለኝ ምን ያደርግልኛል?’ አለኝ። ጉማ ልክፈል ይላል።»

ጉማ ለጠፋ ነፍስ የሚከፈል ካሳ ነው። ገዳይና የሟች ወገን የሚታረቁበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ቀልድ የሌለበት ነገር ነው።

«ለቆርቆሮ?» አለ ሙህዲን።

«የሟች ወገን አንተ ነህ። የጠየቅከውን አይከለክልህም።» ኦቦ ዳቢሴ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት። «ማንኛውንም ነገር። ገባህ?»

ገብቶታል። ውሸት መናገር እንኳ አያስፈልገውም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። በስንት ሽማግሌ ያልተነቃነቀው አይ አሁን በአንድ የሞተ ባትሪ ሊነሳ ነው። ሙህዲን ለሰቢሪና ስልክ ደወለ። ሰቢሪና የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ነገር አታረዝምም። እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ጨረስክ?» አለች። «የበርሜል ደም ካሳ ሆኜ ከምሰጥህ ጊኒር ገብቼ በግ ስነዳ ብኖር ይሻለኛል። ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል? ባሏ በስንት ጎማ አገባት ነው የሚሉት?»

«ሌላ መንገድ አጣሁ እኮ።»

«እኔም አጥቻለሁ። አባቴ ግን በውሸት ሌሊቱን ሲገላበጡ እየሰማሁ ነው የማድረው። ሂድና ንገራቸው» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ሙህዲን ባትሪውን አቅፎ ቁጭ አለ። እውነቱን መናገር ማለት ሀጂን ማሳፈር ነው፤ ያፈሩ ሀጂ ደግሞ ሦስተኛውን አይ እንደሚሉ ያውቃል። እንደዚያ ቀን ከፍቶት አያውቅም።

አርብ ከስግደት በኋላ ሽማግሌዎቹ በአደ ሎሚ ቤት ተቀመጡ። ሀጂ ወዚር ጋቢ ተከናንበው፣ ፊታቸው ከስቶ፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሴቶቹ ለእርቁ የገብስ ቆሎ ዱቄት በቅቤ አሽተው፣ ጩኮ አድርገው ይዘው በር ላይ ቆመዋል፤ ሰቢሪናም ከመሀላቸው ናት። ቶላ ነጠላውን ለብሶ መሀል ተቀምጧል።

«የሟች ወገን ይናገር» አሉ ኦቦ ዳቢሴ።

ሙህዲን ተነሳ። «የሞተ የለም» አለ። «ባትሪው ነው ያለቀው። ሀጂ ምንም ጥፋት የለባቸውም። እሺ ቢሉትም በዚያችው ደቂቃ ይጠፋ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አያችሁ አስተዳደግ?» አሉ። «የሟች ወገን ሆኖ ገዳዩን ሲያጽናና!»

«ማሻአላህ! እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል?»

«ኧረ እውነቴን ነው! ባትሪ ነው!»

«ልክ ነህ ልጄ፣ ባትሪ ነው» አሉ ሌላው በሐዘኔታ፣ «ሁላችንም ባትሪያችን ያልቃል።»

ሀጂ ወዚር ይህንን ሲሰሙ በጋቢያቸው ውስጥ ተንሰቀሰቁ። ሙህዲን ከዚህ በላይ መቆም አልቻለም። ነጠላውን ገፈፈ፣ የበርሜሉን ሆድ ከፈተ፣ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን አስገባ። ታብሌቱ በራ። አንገቱ ቀና አለ። ቶላ ዞር ዞር ብሎ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሰው አገኘ።

«አከም ጂርቱ፣ ሀጂ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና?»

«ደህና ነው፣ ቀይዋም ተሽሏት—» አሉ ሀጂና ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሱ።

አግዳሚው ተገለበጠ። ስለ ባትሪ የተናገሩት ሽማግሌ ጫማቸውን ጥለው አስፋልቱን ተሻግረው ነው የቆሙት። ገብረጻድቅ እልል አለ፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል ሮቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አደ ሎሚ ስኳሩን በጓሮ በር ሲያሸሹ ታዩ።

ሀጂ ወዚር ብቻ አልሳቁም። ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

«አስለቀሳችሁኝ!» አሉ። «ለበርሜል! በስተርጅና! እህል ከልክላችሁኝ!» ጣታቸውን ወደ ሙህዲን ቀሰሩ። «አንተ ደግሞ ሦስተኛ ሽማግሌ ልትልክ እንደምታስብ ሰምቻለሁ። እንዳትደክም፣ ከወዲሁ ልንገርህ፤ አይ! አይ!»

ሳቁ ቆመ። ሙህዲን አንገቱን ደፋ። የፈራው ሆነ፤ በገዛ እጁ ባትሪ ቀይሮ ሆነ። ሰቢሪናን ቀና ብሎ ለማየት እንኳ አፈረ።

«አባ» አለች ሰቢሪና ከበሩ። ጩኮውን ለጎረቤቷ አቀብላ ወደ መሀል ገባች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ይሄ በርሜል በሞቴ ብሎ ለመነዎት፤ አይ ስላሉት እንቅልፍ አጡ፣ እህል ተጸየፉ፣ ሽማግሌ ሰበሰቡ። እኔም እኮ በሞቴ ብዬ ለምኜዎት ነበር፣ አባ። ያን ዕለት፣ ሁለተኛው ሽማግሌ የመጣ ጊዜ። አይ አሉኝና ምሳዎን ጨርሰው፣ እጅዎን ታጥበው፣ ጎሮ ገበያ ሄዱ።»

ኦቦ ዳቢሴ ዓይናቸውን ወደ ሀጂ መለሱ።

«እኔ ስላልሞትኩ ነው?» አለች።

ሀጂ ወዚር አፋቸውን ከፈቱ። የሚወጣውን ቃል ሁሉም ያውቀው ነበርና አንዳንዱ ጫማውን መፈለግ ጀምሯል። ቃሉ ግን አልወጣም። ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ ተቀመጡና፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ አንዲት ቃል ተናገሩ።

«ምን አሉ?» ብለው ኦቦ ዳቢሴ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«እሺ አልኩ» አሉ ሀጂ ወዚር። «አልደግምም።»